ጥቁር ጥለት ያለው ፖስታ፦ ከደብረ ታቦር እስከ ወገዳ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ፣ ከሱቄ ደጃፍ የማይጠፉ ወዳጆቼ ጋይንትንና ስማዳን የሚያውቁት በቅቤውና በማሩ ነው። ቅቤው ወደ እነሱ ይመጣል እንጂ እነሱ ወደ ቅቤው አይሄዱም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በቅሎ ባይኖረኝ አልሄድም ነበር። ግን ያለፈውን የታኅሣሥ መንገዴን ባወራሁ ቁጥር አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ዓይኑን ይጠርጋል፣ ሦስተኛው ደግሞ "ካሣ፣ ይህማ ውሸት ነው" ይለኛል። ስለዚህ ከቀን ቀን እንደሆነው ጻፍኩት። እኔ ውሸት የምናገረው በሽያጭ ሰዓት ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ የምሸጠው የለም።

ረቡዕ

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት፣ አቡጀዲ፣ መርፌ፣ ሳሙናና ፋኖስ ጭኜ ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ እወጣለሁ። ሁለት በቅሎና አንድ ሰው አሉኝ። ሰውየው ባዬ ይባላል፤ የታች ጋይንት ተወላጅ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው በቅሎ ነጂ ነው። አሥር ዓመት አብረን ስንሄድ ደስ የሚል ነገር ሲናገር አልሰማሁትም። ሰማዩ ጠርቶ ሲያይ "ይህ ጥራት ለበጎ አይደለም" ይላል።

ከመነሳቴ በፊት እንደ ልማዴ ፖስታ ቤት ጎራ አልኩ። ወገዳ ላይ ትምህርት ቤት የሚያሠራ ኒልስ የሚባል ስዊድናዊ አለ፤ እንደ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ እንለዋለን፤ ደብዳቤው ደብረ ታቦር ይቀመጥና ወደዚያ የሚሄድ ሰው ይወስድለታል። አባቱ በአገራቸው የወደብ ከተማ ዕድሜውን ሙሉ መርከብ ሲያራግፍ የኖረ ሽማግሌ ነው። በየወሩ ይጽፍለታል። ደብዳቤው ግማሹ ስለ ጤና፣ ግማሹ ስለ ከተማው የእግር ኳስ ቡድን ነው። የቡድኑ ስም ለእኛ ምላስ ስለማይመች ወገዳዎች "የወደቡ ልጆች" ይሉታል። ሙሴ ኒልስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እያነበበ ወደ አማርኛ ይመልስላቸዋል፤ ሽማግሌ ሳይቀር ይሰበሰባል። እኔም ብሆን፣ አልዋሽም፣ ከቅቤው ዋጋ ቀጥሎ የምጠይቀው የወደቡ ልጆችን ነው። የደብዳቤው መጨረሻ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። "መቼ ነው የምትመጣው?" ይለዋል አባትየው። ሙሴ ኒልስ ለሁለት ዓመት ብሎ መጥቶ አራተኛውን ይዟል። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ጣሪያው ሲከደን።"

የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ያን ቀን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንዲት ፖስታ በሁለት ጣቱ ይዞ ወጣ። ነጭ ናት፤ ዙሪያዋን ግን እንደ ነጠላ ጥለት ጥቁር መስመር ከቧታል።

"ይህች እንዳትጠፋብህ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"መቼ ጥዬ አውቃለሁ?"

"እሱን ማለቴ አይደለም። መርዶ ነች። አሥመራ ስሠራ አይቻለሁ፤ ፈረንጅ ሰው ሲሞትበት በዚህ ዓይነት ፖስታ ነው የሚጽፍ። ጥቁሩን አየኸው?"

"ማን ሞቶ?"

አገላብጦ አያት። "ማኅተሙ የዚያው የአባትየው ከተማ ነው። እናትየው ድሮ ሞታለች ብለኸኛል። ወንድም እህት የለውም። እንግዲህ ማን ቀረ?"

የፈረንጅ ፊደል ለእኔ ሁሉም አንድ ነው፤ ማን እንደጻፈው አላውቅም። ፖስታዋን በላስቲክ ጠቅልዬ ባርኔጣዬ ውስጥ አስቀመጥኳት። ባዬ አየኝና "ብዙ ነገር ጭነናል" አለ፤ "ሬሳ ስንጭን ግን ዛሬ የመጀመሪያችን ነው።"

ጉናን በቀኝ እያየን ስንጓዝ ዋልን። ጎንደር ብርድ አለ የሚል ሰው ጋሳይን አላየም። የጎንደር ብርድ ማታ መጥቶ ጠዋት ይሄዳል፤ የጋሳዩ ግን ርስት አለው። ማረፊያችን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የሚባሉ የገበሬ ሚስት ቤት ሆነ፤ ባላቸው አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራዩ ውለው በገለባ ነጭተው ገቡ። እኛ ጎንደር ለእንግዳ መጀመሪያ "ከየት መጣህ?" ይባላል። ጋሳይ መጀመሪያ እግር ይታጠባል፤ ከየት እንደመጣህ ከእግርህ ያነቡታል። የገብስ እንጀራ በባቄላ ሽሮ አቀረቡልን፤ ጾም ነውና ከዚያ በላይ የሚጠየቅ የለም።

ምስጢሩን ለማንም ላንናገር ተስማምተን ነበር። ባዬ ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይውጥ ተናገረ።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ደረታቸውን ያዙ። "አየ! ለካ ፈረንጅም አባት አለው?"

"ታዲያ ከዛፍ ይቆረጣል ብለሽ ነበር?" አሉ ባላቸው።

"አንተ ዝም በል! እንደው ሲመጡ ብቻቸውን ስለሚመጡ ነው'ኮ" አሉና አለቀሱ። የማያውቁትን ሰው አባት ነው ያለቀሱለት። መደባቸውን ለእኛ ለቀው እነሱ ከበጎቹ አጠገብ ተኙ። ጎንደር የአጎቴ ልጅ ቤት ሳድር እንኳ መደብ ተለቆልኝ አያውቅም።

ሐሙስ

ጠዋት ከአንድ ጅረት ደረስን። ውኃው ከጉልበት አይበልጥም፤ ግን የፊቷ በቅሎ መሐል ላይ ስትደርስ አሰበችና ተኛች። ከነአቡጀዲው። ባዬ "ብዬ ነበር" አለ፤ ምንም አላለም ነበር። እየጎተትን፣ እየለመንን፣ በመጨረሻም እየተሳደብን አስነሳናት። ባርኔጣዬን በጥርሴ ነክሼ ነበር፤ ጨርቁ ሁሉ ሲረጥብ ፖስታዋ ደረቅ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ቤተ ልሔም ገባን። ከደብሩ ሥር የተማሪዎቹ ጎጆዎች እንደ እንጉዳይ ፈልተው ቆመዋል፤ ከየጎጆው የሚወጣው ዜማ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል። እኛ ገበያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲጮህ ማንም ማንንም አይሰማም፤ እዚህ ግን መምህሩ ከመቶ ድምፅ መሐል የአንዱን ስሕተት ለይተው ይይዛሉ። ዝናቸውን ስለማውቅ ለምክር ወደ እሳቸው ሄድኩ። የኔታ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ነገሩን ነገርኳቸው።

"ደብዳቤውን እንደደረስኩ ልስጠው ወይስ እንደ አገሩ ልማድ ይረዳ?"

"ማንበብ ያውቃል?"

"ያውቃል፣ የኔታ።"

"እሱ ነው ክፋቱ" አሉ። "ወረቀት ይናገራል እንጂ አይደግፍም። ሰውየው ሲወድቅ ወረቀቱ ይይዘዋል? ማታ አይነገረውም፤ ርቦትም አይነገረውም። በልቶ ይደር፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይሂድ፣ ሁለት ጎበዝ ከግራና ከቀኝ ይቁም። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።"

ከዚያም ስለ አባትየው ጠየቁኝ። የማውቀው ቡድኑን ብቻ ስለሆነ ስለ ቡድኑ ነገርኳቸው። "የኔታ፣ አገራቸው የኳስ ቡድኖች በደረጃ ተከፍለው ይኖራሉ። ላይኛው ማኅበር አሥራ ሁለት ነው። ዓመቱን ሙሉ እርስ በርስ ይጋጠሙና ከሁሉ በታች የቀሩት ሁለቱ ይሻራሉ፤ ከታችኛው ማኅበር ሁለት ይሾማሉ።"

"ማን ነው የሚሽራቸው?"

"ማንም። ያገቡትና ያሸነፉት ተቆጥሮ ነው።"

"ደጅ ጥናት የለም?"

"የለም።"

"እጅ መንሻስ?"

"እሱም የለም፣ የኔታ።"

"እንዲህ ያለ ሹም ሽርማ በእኛም አገር ቢ…" ብለው ሳል ያዛቸው። ሳሉ የእውነት ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም።

አባትየው ያንን ሹም ሽር ለልጁ ከጥንት ጀምሮ ጽፎለታል። አባትየው ራሱ ልጅ ሳለ ቡድኑ ሦስተኛው ማዕረግ ላይ ነበር፤ ጎረምሳ ሲሆን ሁለተኛው ገባ፤ ባገባ ዓመት ላይኛው ደረሰ። ኒልስ የተወለደ ዓመት ተሻረ። "አንተ ስትመጣ እነሱ ሄዱ" እያለ ይቀልድበት ነበር። ልጁ ጫማውን ራሱ ማሰር ሲጀምር ተመልሶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አልወረደም። የኔታ ይህን ሰምተው "ሰውየው የቤቱን ታሪክ ነው የጻፈው" አሉ። "ስሙን ንገረኝ፤ በጸሎት ላስበው።"

ስሙን አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤውን ተሸክሜ ስሙን ጠይቄ አላውቅም። "የኒልስ አባት" አልኳቸው። "ይበቃል፤ የሚሰማው ያውቀዋል" አሉኝ።

ዓርብ

አርብ ገበያ ከተማ በገበያው ቀን ደረስን፤ አህያው፣ እህሉ፣ ሰዉ መንገዱን ሞልቶታል። የጎንደር ገበያተኛ ዕቃ እየነካ ይሄዳል፤ የዚህ አገር ሰው መጀመሪያ ነጋዴውን ያያል፣ ከዚያ ዕቃውን። የተጨማደደውን አቡጀዲ አሰጣሁት። አንዲት ሴት ዳበስ አድርጋ "ይህ ለምን ረጠበ?" አለችኝ።

"አጥበነው ነው እመቤቴ፤ እንደማይሸበሸብ እንድታዪ።"

"ተሸብሽቧል'ኮ።"

"ይኸውልሽ፣ ሳልደብቅ አሳየሁሽ።" ሳቀች፤ ገዛችም።

እዚያው ግራዝማች ደስታን አገኘኋቸው። ለትምህርት ቤቱ መሬቱን የሰጡ የወገዳ ሽማግሌ ናቸው፤ በሬ ሊገዙ መጥተው ነው። ጆሮአቸው ላይ ሹክ አልኳቸው። የያዙትን የበሬ ቀንድ ለቀቁ።

"ያ ቀልደኛ ሽማግሌ? አሁን በጥቅምቱ ደብዳቤ የጉልበቱን ነገር ጽፎልን?"

"እሱው ነው።"

"ሰኞ ጠዋት ይረዳል" አሉ። "አንተ ከዚያ በፊት አፍህን ያዝ። ሰዉን እኔ አዘጋጃለሁ።" በሬውን ሳይገዙ ቀድመውን ተመለሱ።

ቅዳሜ

ከአርብ ገበያ ወደ ስማዳ ያለው ቁልቁለት መንገድ ከተባለ፣ የቤቴ ግድግዳም መንገድ ነው። ባዬ ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። አንድ ገብስ በአህያ ሲያጓጉዝ ያገኘነው ገበሬ፣ ስሙን እንኳ ሳይነግረን፣ ነዶውን ከአህያው አውርዶ ጥሻ ውስጥ ደበቀና ባዬን ጫነው። ቤቱ ወስዶ በቅቤ አሸው። ጾም ስለሆነ ባዬ "ቅቤው በቆዳ ቢገባ ያስገድፋል ወይ?" ብሎ ተጨነቀ። ገበሬው "በአፍህ እስካልላስከው ድረስ እኔ ዋስ ነኝ" አለው። ጠዋት ስንሸኝ ክፍያ ብሰጠው ዞር ብሎ ሄደ፤ መርፌና ክር ለሚስቱ ትቼ ወጣሁ።

እሑድ

ወገዳ ከሰዓት ገባን። ሙሴ ኒልስ ከሩቅ አይቶን እየሮጠ መጣ። ረጅም ነው፤ ፀሐዩ አፍንጫውን ልጦታል። አማርኛ ያስተማሩት አንድ መሪጌታ ስለሆኑ የሚያውቀው የአክብሮቱን ብቻ ነው፤ ሽማግሌውንም፣ ሕፃኑንም፣ በቅሎዬንም አንቱ ይላል።

"አቶ ካሣ! እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤ አመጡልኝ?"

ባርኔጣዬ ጭንቅላቴን አቃጠለኝ። "ፖስታ ቤቱ ዝግ ነበር" አልኩ።

ፊቱ ወደቀ። "የመጨረሻው ጨዋታ እኮ አልፏል። ካሸነፉ ላይ ቀሩ፤ ካልሆነ…" በእጁ ወደ ታች አሳየኝ። "አባቴ በዚያው ማታ ጽፈዋል፤ አውቃለሁ። ሁልጊዜ በዚያው ማታ ነው የሚጽፉ።"

ዕድሜዬን ሁሉ ዋሽቼ እንጀራ በልቻለሁ፤ እንደዚያች ውሸት ግን ያልጣመኝ የለም።

ከተማው በሙሉ ያውቃል። ያከራዩት እማሆይ ትርንጎ፣ በሰበብ ባስባቡ የሚቆጡት መነኩሲት፣ ያን ቀን ማር በሳሕን አቀረቡለት። አንድ ሁልጊዜ "የወደቡ ልጆችህ ይወርዳሉ!" እያለ የሚያበሽቀው አንጥረኛ አለ፤ መጥቶ እጁን ጨብጦት ብቻ ሄደ። አናጢዎቹ በሰንበት ቀን መጥተው "ነገ ምን እንሥራልህ?" አሉት። ሙሴ ኒልስ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፦

"አቶ ካሣ፣ ዛሬ ሁሉም ሰው ደግ ሆኑብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?"

"ምንም አላጠፋህ። እንጀራህን ብላ" አልኩት። እስኪጠግብ ተቀምጬ አየሁት፤ የኔታ በልቶ ይደር ብለዋልና።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ ግራዝማች ከፊት፣ ሁለት ቄሶች ከኋላቸው፣ ከዚያ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው ሁሉ ግቢውን ሞላው። እማሆይ በሩን አንኳኩ። "ኒልስ ልጄ፣ ተነስ፤ ልብስህን ልበስ።"

ብርድ ልብስ ተከናንቦ ወጣ። ሁለት አናጢዎች ወዲያው ከግራና ከቀኝ ቆሙ። ሰዉን አየ፣ ነጠላውን አየ፣ እኔን አየ። አራተኛ ዓመቱ ነውና የነጠላውን ነገር ያውቃል።

"ልጄ" አሉ ግራዝማች፣ "ሰው አላፊ ነው። ትልቁም ያልፋል፣ ትንሹም ያልፋል። ንጉ…" ብለው ከሰዉ መሐል ወደቆመው የወረዳ ጸሐፊ ገልመጥ አሉና "ባላገሩም ያልፋል" ብለው አስተካከሉ። "አባትህ አርፏል።"

አልጮኸም። "መቼ?" አለ። ማንም አያውቅም። ደፉ ላይ ተቀመጠ፤ አናጢዎቹም አብረው ቁጭ አሉ። ቆይቶ፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ጣሪያው ሲከደን ብያቸው ነበር" አለ።

እማሆይ ትርንጎ ሙሾ አወጡ፦

"ባሕር ማዶ ቆሞ ልጁን ሲጠብቅ፣
ሳይደርስለት ቀረ ጀምበሩ ሲጠልቅ።"

ያኔ አለቀሰ። ግቢው ሁሉ አለቀሰ። አንጥረኛው "ወይኔ፣ ምን ነበር ባላበሸቅኩት" እያለ ደረቱን መታ። እኔም አለቀስኩ፤ ባዬም በአንድ እግሩ ቆሞ አለቀሰ። ያላለቀሰችው በቅሎዋ ብቻ ናት።

ሲበርድለት ግራዝማች ጠቀሱኝ። ፖስታዋን አውጥቼ ሰጠሁት። ጥቁሩን ጥለት አየ፤ ከዚያ የራሱ ስም የተጻፈበትን አየና ወደ ዓይኑ አቀረባት።

"ይህ የአባቴ እጅ ነው" አለ።

"አዎ ልጄ፣ የአባትህ ነገር ነው" አሉ እማሆይ።

"አይደለም! ጽሕፈቱ የአባቴ ነው! የሞቱ ሰው የራሳቸውን መርዶ ይጽፋሉ?" ቀደዳት። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አነበበ። ከዚያ ሳቀ። እንባው እየወረደ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ጅል ሳቀ።

"ያዙት!" አሉ ቄሱ። "ጠበል አምጡ!" አናጢዎቹ ተጠመጠሙበት።

"ልቀቁኝ! አባቴ አልሞቱም!"

"ታዲያ ማን ነው የሞተው?" አሉ ግራዝማች።

"ቡድኑ ናቸው! ቡድኑ ወረዱ!"

ከዚያ ከኋላ የባዬ ድምፅ መጣ። "ወደ ታች መውረድ ሞት ከሆነማ እኛ ታች ጋይንቶች ስንት ዓመታችን ነው ከተቀበርን?"

ግቢው ፈነዳ። የሚስቀው ሳቀ፤ ንፍሮ ሊቀቅሉ የሄዱት ሴቶች ሳቁን ሰምተው ምን ጉድ ነው ብለው ተመለሱ። እማሆይ ግን ነጠላቸውን እያስተካከሉ "እንግዲህ ያወጣሁትን ሙሾ ማን ይመልስልኛል?" አሉ። ይህን ሲሉ የወገዳ ሰው በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ገበያ ላይ ከስሬ አውቃለሁ፤ እንዲህ ግን አፍሬ አላውቅም። "ፖስታ ቤቱ ነው…" ብዬ ጀመርኩ። "ጥቁሩ…"

"ተዉአቸው" አለ ሙሴ ኒልስ። "ጥቁሩ የእናቴ ነው።" አነበበልን። አባትየው እንዲህ ብሎ ነበር፦ "ልጄ፣ በፖስታው አትደንግጥ። እናትህ ስትሞት ገዝተን የተረፈ ነው፤ ከምጥለው ብዬ አስቀምጬው ነበር። ዛሬ ማታ የሚገባው ሰው አገኘሁለት። ሁለት ለባዶ ተሸነፍን፤ ወርደናል።" ደህና ነገር እንዳይጠፋ የሚያስብ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ነጋዴ ሳይሆን መርከብ ሲያራግፍ መኖሩ አሳዘነኝ።

ንፍሮው ለሐዘን ተቀቅሎ ለደስታ ተበላ። አንጥረኛው አፉ ሙሉ ሆኖ "ብዬህ አልነበር? ይወርዳሉ ብዬህ አልነበር?" እያለ ጀመረ። አንዲት ባልቴት "ሳይሞት የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል" አሉ። ሙሴ ኒልስ ግን አይበላም። የደብዳቤውን መጨረሻ ደጋግሞ ያያል።

"ሌላ ምን አለ?" አሉት ግራዝማች።

"እንዲህ ይላሉ፦ 'ጉልበቴ አልቆም ብሎኝ የመጨረሻውን ጨዋታ በጎረቤቴ ተደግፌ አየሁ። በአጠገቤ ያለው ያንተ ቦታ ባዶ ነው። ሰው ሊቆምበት ሲመጣ የልጄ ነው እላለሁ። አሁን ግን ሰዎቹ የትኛው ልጅህ ይሉኝ ጀምረዋል።'"

ማኘኩ ሁሉ ቆመ።

"ሂድ" አሉ ግራዝማች።

"ጣሪያው አልተከደነም። ቆርቆሮው ገና አልመጣም።"

"በዚህ በአጨዳ ወር ሳር ጠፍቶ ነው? በሳር እንከድነዋለን፤ ቆርቆሮው ሲመጣ እንለውጠዋለን። ትምህርት ቤቱ የእኛ ነው፤ አባት ግን የግል ነው።"

"ቃል ገብቼ…"

እማሆይ ትርንጎ አቋረጡት። "ስማ፣ አንተ! እኔ ለዚህ ሽማግሌ አንጀቴን አውጥቼ አልቅሻለሁ። ዛሬ እግዜር ሰጠህ። ነገ እንደገና ብታስለቅሰኝ ሙሾ የለኝም።"

ጎንደር ብንሆን ጉዳዩ በሦስት ስብሰባ አያልቅም ነበር። እዚህ ንፍሮው ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ

ሙሴ ኒልስ ማክሰኞን ለአናጢዎቹ የጣሪያውን ልክ ሲያሳይ ዋለ፤ ረቡዕ በእስቴ በኩል ወጣን። ሻንጣው ከእኔ ሳሙና ሳጥን ያንሳል። እማሆይ በሶ ሰጡት፤ "ለአባትህ" ብለው ሌላም ቋጠሩለት፤ እንዴት እንደሚበጠበጥም ሦስት ጊዜ አስጠኑት። አንጥረኛው እስከ ወንዙ ሸኘው።

የእስቴ መንገድ ከጋይንቱ ይሻላል፤ ሰው እያወራ መሄድ ይችላል። ሙሴ ኒልስ የቡድኑን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመረልኝ፤ ማን በየት ወጣ፣ ማን በምን ወረደ። የትኛው ዝናብ የትኛውን ጨዋታ እንዳበላሸ ሳይቀር ያውቃል፤ በአባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ያየውን ነው የሚነግረኝ። እኔም እንደ ነጋዴ ጠየቅኩት።

"አሁን ከወረዱ በኋላ አባትህ ወደ ሌላ ቡድን አይሄድም?"

"ወደ የት?"

"ወደሚያሸንፈው። ገበያ ሲከስር እኮ ሰው ገበያ ይለውጣል።"

ቆሞ አየኝ። "አቶ ካሣ፣ እርስዎ ጎንደር ሲከስሩ ጎንደሬነትዎን ይለውጣሉ?" አለኝ። በቅሎዬን እየነዳሁ ቀደምኩት።

ሐሙስ እስቴ ገበያ ከተማው ላይ አንድ ሸማኔ ቤት አደርን። ልጁ መሐል አገር ሄዶ የቀረበት ሰው ነው። ታሪኩን ማታ ሰምቶ ጠዋት ለሙሴ ኒልስ አንድ ጋቢ አጣጥፎ ሰጠው። "ለአባትህ ነው። ቆሞ ሲያይ ይደርበው" አለ። ክፍያ ስንጠይቅ ተቆጣ። እኔ በጨርቅ ንግድ ሃያ ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ጋቢ በነጻ ሲሰጥ ሳይ በጣቴ ዳሰስኩት፤ ግማሹ በርኅራኄ፣ ግማሹ በልማድ።

ይህን ስጽፍ ሙሴ ኒልስ አገሩ ገብቶ አባቱን ያግኝ አያግኝ ወሬ አልደረሰኝም። መንገዱ ረጅም ነው፤ መጀመሪያ ጎንደር፣ ከዚያ አሥመራ፣ ከዚያ ባሕር።

ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ታቦር ላይ የጭነት መኪና ተገኘለት፤ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሞተሩ ተነሳ። ያኔ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ሾፌሩ እንዳይሰማ ይመስል፦

"አቶ ካሣ፣ ደርሼ በእውነት ሞተው ባገኛቸውስ?" አለኝ።

ልጓሙን እያፍተለተልኩ ቆምኩ።

ባዬ ነው እያነከሰ ወደ መስኮቱ የተጠጋው።

"እንዲያ ከሆነ እኛ ቀድመን አልቅሰንልሃል" አለው። "ብቻህን አታለቅስም።"

ሙሴ ኒልስ እጁን በመስኮቱ አውጥቶ የባዬን እጅ ያዘ፤ መኪናው እስኪያላቅቃቸው ድረስ አልተላቀቁም።